ፎርማት ከመደረጉ በፊት፤ የተመሰጠረ ዲስክ ቁልፉ የት ይገኛል?

በገርጂ አካባቢ የሚኖር አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንውሰድ። ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚሆነውን መረጃ በቦሌ ክፍለ ከተማ ቤት ለቤት እየዞረ ሰብስቧል። የመጠይቁ መልሶች የሰዎችን ጤንነት የሚመለከቱ በመሆናቸው፣ የነገሩት ሁሉ ሌላ ሰው እጅ እንደማይገባ ቃል ገብቶላቸዋል። ላፕቶፑን ይዞ በየቀኑ በመገናኛ ታክሲ እየተሳፈረ ስለሚመላለስ፣ ቢሰረቅ እንኳ ማንም እንዳያነበው መረጃው ያለበትን የዲስክ ክፍል አመስጥሮታል። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በሊኑክስ ነው።

አንድ ምሽት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በመታደስ ላይ ሳለ መብራት ይጠፋል። የላፕቶፑ ባትሪም ካረጀ ቆይቷል። መብራት ሲመለስ ሊኑክሱ አልነሣም ይላል። በማግስቱ ወደ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ይወስደዋል፤ የሚሰጠው ምክርም የተለመደው ነው፦ «ፎርማት ይደረግና አዲስ ይጫንበት።»

ተማሪው ይጨነቃል፤ መጨነቁም ተገቢ ነው። መረጃውን ያመሰጠረው አሮጌው ሊኑክስ ነበር። አሮጌው ከጠፋ አዲሱ ሊኑክስ ያንኑ መረጃ መክፈት ይችላልን? ወይስ ከሌባ ሊጠብቀው ያሰበው ምስጠራ በራሱ ላይ ይቆለፍበታል?

መልሱ «አዎን፣ ይከፍታል» ነው። ይሁን እንጂ ይህ የሚሆነው በዲስኩ ላይ የሚገኝ፣ ብዙውን ጊዜ ከ16 ሜጋባይት የማይበልጥ አንድ ስፍራ ካልተነካ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያ ስፍራ ምን እንደያዘ፣ ለምን ይህን ያህል ወሳኝ እንደሆነና ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሚቀየርበት ጊዜ እንዴት እንደሚጠበቅ እንመለከታለን።

ምስጠራው ምን ይሠራል?

አንድ ዲስክ በተለምዶ ፓርቲሽን በምንላቸው ክፍሎች ይከፋፈላል። በአንዱ ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ በሌላው ላይ የባለቤቱ ፋይሎች ሊቀመጡ ይችላሉ። ሊኑክስ አንድን ፓርቲሽን ሲያመሰጥር ፋይሎችን አንድ በአንድ አይቆልፍም። ወደ ፓርቲሽኑ የሚጻፈው እያንዳንዱ ቁራሽ መረጃ ዲስኩ ላይ ከማረፉ በፊት ይመሰጠራል፤ ሲነበብም እንደገና ይፈታል። ይህን የሚያከናውነው እ.ኤ.አ. በ2004 በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የገባው ዲኤም-ክሪፕት የተባለ ክፍል ነው። ቁልፍ የሌለው ሰው በፓርቲሽኑ ላይ የሚያየው ትርጉም የለሽ የቁጥሮች ክምር ብቻ ነው፤ የፋይሎቹን ስምና ብዛት እንኳ ለይቶ ማወቅ አይችልም።

ምስጠራው በአብዛኛው የሚከናወነው ኤ.ኢ.ኤስ. በተባለው ስልት ነው። ስልቱን የነደፉት ዮአን ዳመንና ቪንሰንት ራይመን የተባሉ ሁለት ቤልጂጋውያን ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ መንግሥት መደበኛ የምስጠራ ስልት ሆኖ ጸድቋል። አሠራሩ ምስጢር አይደለም፤ ማንም ሰው መጽሐፍ ገልጦ ሊያጠናው ይችላል። ምስጢር የሚሆነው ቁልፉ ብቻ ነው።

ቁልፉ 256 ቢት ርዝመት ካለው ሊሆኑ የሚችሉት ቁልፎች ብዛት 78 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን ቁልፍ የሚሞክር ኮምፒውተር ቢኖር ሁሉንም ለመሞከር የሚወስድበት ጊዜ በዓመት ሲቆጠር 58 አሃዝ አለው። የዩኒቨርስ ዕድሜ የሆነው 13.8 ቢሊዮን ዓመት 11 አሃዝ ብቻ እንዳለው እናስታውስ። ስለዚህ ቁልፉ ከጠፋ «የሚሰብርልኝ ሰው እፈልጋለሁ» ማለት ዋጋ የለውም። ሌባውን የሚያግደው ሒሳብ ባለቤቱንም ያግዳል።

የይለፍ ቃሉ ቁልፉ አይደለም

ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የምንጽፈው የይለፍ ቃል ራሱ መረጃውን የሚፈታው ቁልፍ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

በኮንዶሚኒየም የሚኖር አንድ ቤተሰብ እናስብ። የቤቱ በር አንድ ቁልፍ ብቻ አለው፤ ያንን ቁልፍ ማንም በኪሱ አይዝም። በበሩ አጠገብ በግድግዳው ላይ አንድ ሣጥን ተሰቅሏል። ሣጥኑ ብዙ ትንንሽ መሳቢያዎች አሉት፤ በየመሳቢያው ውስጥ የዚያው የቤት ቁልፍ አንድ አንድ ቅጂ ተቀምጧል። አባት የራሱን መሳቢያ በራሱ የምስጢር ቁጥር ይከፍታል፤ እናትም እንዲሁ። አንዱ ቁጥሩን ቢለውጥ የበሩ ቁልፍ አይለወጥም። ሣጥኑ ቢቃጠል ግን ሁሉም ቁጥራቸውን ቢያስታውሱም በሩ አይከፈትም።

በሊኑክስ ላይ በስፋት የሚሠራበት ሉክስ የተባለው የምስጠራ አደረጃጀት ልክ እንዲህ የተዋቀረ ነው። ሉክስን እ.ኤ.አ. በ2004 የነደፈው ክሌመንስ ፍሩህቪርት ነው። ፓርቲሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመሰጠር ኮምፒውተሩ ራሱ በዘፈቀደ አንድ ዋና ቁልፍ ያወጣል። ይህ ቁልፍ ለባለቤቱ አይታይም። ከዚያም ባለቤቱ የመረጠው የይለፍ ቃል ሆን ተብሎ አዝጋሚ በተደረገ ስሌት ውስጥ ያልፋል። የስሌቱ ውጤት ዋናውን ቁልፍ ያመሰጥረዋል፤ የተመሰጠረው ዋና ቁልፍም በፓርቲሽኑ መጀመሪያ ላይ ራስጌ በሚባለው ስፍራ ከመሳቢያዎቹ በአንዱ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ሉክስ 8 መሳቢያ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የወጣው ሉክስ 2 እስከ 32 ሊኖረው ይችላል። ራስጌው በመጀመሪያው ሉክስ ብዙውን ጊዜ 2 ሜጋባይት፣ በሉክስ 2 ደግሞ 16 ሜጋባይት ያህል ስፍራ ይይዛል።

ከዚህ ሦስት ነገሮች እንረዳለን። አንደኛ፣ የይለፍ ቃል መቀየር መላውን ዲስክ እንደገና ማመስጠር አያስፈልገውም፤ የሚቀየረው መሳቢያው ብቻ ነውና። ሁለተኛ፣ ቁልፉ የሚገኘው በራሱ በተመሰጠረው ፓርቲሽን ላይ እንጂ በአሮጌው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ አይደለም። አሮጌው ሊኑክስ ቢጠፋም ቁልፉ አብሮት አይጠፋም። ሦስተኛ፣ ራስጌው ከተበላሸ የይለፍ ቃሉን በቃል ማወቅ ምንም አይጠቅምም።

ሦስተኛውን ነጥብ የሚያጠብቅ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሉክስ ዋናውን ቁልፍ በመሳቢያው ውስጥ እንዳለ አያስቀምጠውም። 4000 ጊዜ ያህል አብዝቶና በትኖ ነው የሚያስቀምጠው። 64 ባይት የነበረው ቁልፍ በዚህ ሁኔታ 256,000 ባይት ይሆናል፤ ቁልፉን መልሶ ለማግኘትም እያንዳንዱ ባይት ትክክል መሆን አለበት። ይህ የተደረገው አንድ የይለፍ ቃል ሲሰረዝ ከዲስኩ ላይ ርዝራዡ እንዳይገኝ ነው። የጎንዮሽ ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ ከእነዚህ ባይቶች አንዱ እንኳ ቢበላሽ ያ መሳቢያ አይከፈትም።

ከመጫኑ በፊት

እንግዲህ ወደ ተማሪያችን እንመለስ። ላፕቶፑ አልነሣም ቢልም መረጃው በዲስኩ ላይ እንዳለ ነው። ፎርማት የሚለው ቃል ከመነሣቱ በፊት ከፍላሽ ላይ በቀጥታ በሚሠራ ሊኑክስ ኮምፒውተሩን ማስነሣት ይገባዋል። አዲሱን ሲስተም ለመጫን የሚዘጋጀው ፍላሽ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ይህን አገልግሎት ይሰጣል። ከዚያም የተመሰጠረውን ፓርቲሽን ለመክፈት ይሞክር። የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ ፋይሎቹ ከታዩት፣ አሮጌው ሊኑክስ እንደማያስፈልግ በዓይኑ አየ ማለት ነው። በፍላሽ ላይ ያለው ሊኑክስ ስለዚህ ዲስክ ምንም የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ሆኖም ከፍቶታል። ገና የሚጫነውም እንዲሁ ይከፍተዋል።

ፓርቲሽኑ ክፍት ሳለ ሁለት ነገሮች ይደረጋሉ። የመጀመሪያው ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው፤ ያ ዲስክም የተመሰጠረ መሆን እንዳለበት አይዘነጋም። ከዚህ የተሻለ ዋስትና የለም። ሁለተኛው የራስጌውን ቅጂ መውሰድ ነው። ክሪፕትሴትአፕ የተባለው የሊኑክስ ፕሮግራም ለዚህ የተዘጋጀ ትእዛዝ አለው፤ ስሙም ሉክስ-ሄደር-ባክአፕ ነው። የሚወጣው ፋይል ከ16 ሜጋባይት ብዙም ስለማይበልጥ በማናቸውም ፍላሽ ላይ ይቀመጣል፤ ሥራውም የሰከንዶች ጉዳይ ነው። ሉክስ 2 የራስጌውን መግለጫ ክፍል በሁለት ቅጂ ያስቀምጣል፤ ቁልፎቹ ያሉባቸው መሳቢያዎች ግን በዲስኩ ላይ ያላቸው አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ የውጭው ቅጂ አስፈላጊነት አይቀርም።

ሌላው ሊፈተሽ የሚገባው መሳቢያው የሚከፈተው በምን እንደሆነ ነው። አንዳንድ ሰዎች በየጊዜው የይለፍ ቃል መጻፍ ሲሰለቻቸው የመክፈቻ ፋይል አዘጋጅተው በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ፓርቲሽን ላይ ያስቀምጣሉ፤ ሊኑክሱ ሲነሣ በዚያ ፋይል የመረጃውን ፓርቲሽን በራሱ ይከፍታል። ምቹ ነው። ነገር ግን የሲስተሙ ፓርቲሽን ፎርማት ሲደረግ የመክፈቻ ፋይሉም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ አስቀድሞ ፋይሉን መገልበጥ፣ ወይም በሌላ መሳቢያ ላይ በቃል የሚታወቅ የይለፍ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። ከዓመታት በፊት ያወጡት የይለፍ ቃል አሁንም የሚታወስ መሆኑን መሞከርም ብልኅነት ነው።

በመጫን ላይ

አደጋው ሁሉ የሚከማቸው እዚህ ላይ ነው። የሊኑክስ መጫኛ ፕሮግራም መላውን ዲስክ አጥፍቶ አዲስ መጫን ወይም ፓርቲሽኖችን በእጅ መምረጥ የሚል አማራጭ ያቀርባል። መመረጥ ያለበት ሁለተኛው ነው። ፎርማት የሚደረገው የሲስተሙ ፓርቲሽን ብቻ ይሆናል፤ የተመሰጠረው ፓርቲሽን ምንም ሳይነካ ይታለፋል። ፓርቲሽኖቹን ላለማምታታት መጠናቸውን አስቀድሞ በወረቀት ላይ መጻፍ ይጠቅማል።

አንድ አሳሳች ነገር እዚህ አለ። አንዳንድ መጫኛዎች ፓርቲሽኑን «ለምስጠራ አገልግሎት ይዋል» የሚል ምርጫ ያቀርባሉ። አንባቢው «የኔ ፓርቲሽን የተመሰጠረ ነውና ይህ ይመለከተኛል» ብሎ ሊመርጠው ይችላል። የይለፍ ቃልም ይጠየቃል፤ የድሮውን ይጽፋል። መጫኛው ግን የሚያደርገው ያለውን መክፈት ሳይሆን በላዩ ላይ አዲስ ራስጌ መጻፍ ነው። አዲሱ ራስጌ አዲስ ዋና ቁልፍ ይዟል። የይለፍ ቃሉ ያው ቢሆንም ቁልፉ ሌላ ነው፤ የቀድሞው መረጃም ለዘለዓለም ይዘጋል። የክሪፕትሴትአፕ አዘጋጆች ራሳቸው ስለዚህ ስሕተት አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ።

በስሕተት ፎርማት የተደረገ ፓርቲሽንስ? የራስጌ ቅጂ ካለ በአሮጌው ዲስክ ላይ ብዙውን መረጃ ማዳን የሚቻልበት አጋጣሚ አለ። በኤስኤስዲ ዲስክ ላይ ግን ፎርማት የሚያደርገው ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ዲስኩን «ይህ ስፍራ ሁሉ ከእንግዲህ ባዶ ነው» ብሎ ስለሚያሳውቅ መረጃው ራሱ ሊሰረዝ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ቅጂውም አያድንም። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ለጥገና የምንሰጥ ከሆነ የትኛው ፓርቲሽን እንደማይነካ በግልጽ መናገር ይገባናል። ለጥገና ባለሙያው የተመሰጠረ ፓርቲሽን ምንም የሌለበት ወይም የተበላሸ መስሎ ሊታየው ይችላልና።

ከተጫነ በኋላ

አዲሱ ሊኑክስ ከተነሣ በኋላ ፓርቲሽኑን በይለፍ ቃሉ ከፍቶ መጠቀም ይቻላል። ሲስተሙ በተነሣ ቁጥር ራሱ እንዲጠይቅ ከተፈለገ በሁለት ፋይሎች ላይ አንድ አንድ መስመር ይጨመራል። ክሪፕትታብ የተባለው የትኛው ፓርቲሽን እንደሚከፈት ይናገራል፤ ኤፍኤስታብ የተባለው ደግሞ የተከፈተው በየትኛው ፎልደር እንደሚታይ ይገልጻል። ፓርቲሽኑ በተራ ስሙ ሳይሆን ዩዩአይዲ በተባለው ቋሚ መለያ ቁጥሩ መጠቀስ አለበት፤ ሌላ ዲስክ ሲሰካ ተራ ስሙ ሊለወጥ ይችላልና።

ፓርቲሽኑ ተከፍቶ «ፈቃድ የለህም» የሚል መልስ ቢመጣ መደናገጥ አያስፈልግም። ይህ የምስጠራ ጉዳይ አይደለም። ሊኑክስ የፋይሉን ባለቤት የሚመዘግበው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። በኡቡንቱና በዴቢያን የመጀመሪያው ተጠቃሚ ቁጥር 1000 ነው። በአዲሱ ሲስተም ላይ የተሰጠን ቁጥር ከድሮው ከተለየ፣ የፋይሎቹን ባለቤትነት ወደ አዲሱ ቁጥር ማዛወር በቂ ነው።

ሌላው አንዳንድ ጊዜ የሚያጋጥመው ዲስኩ ወደ አሮጌ ኮምፒውተር ሲዛወር ነው። ሉክስ 2 የይለፍ ቃሉን የሚያሳልፍበት ስሌት እስከ 1 ጊጋባይት የሚደርስ ሜሞሪ ሊጠቀም ይችላል። በትልቅ ኮምፒውተር ላይ የተመሰጠረው ዲስክ ትንሽ ሜሞሪ ባለው ማሽን ላይ ላይከፈት ይችላል፤ የተበላሸ መስሎ እንዳይታየን።

«ሠ» እና «ሰ»፤ የፊደላችን ጉዳይ

እኛን በተለይ የሚመለከት አንድ ጉዳይ አለ፤ የይለፍ ቃሉ በአማርኛ ፊደል ከሆነስ? ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ በሊኑክስ ላይ በአማርኛ መጻፍ አያስቸግርም። ይሁንና ሉክስ የሚያየው ፊደሉን ሳይሆን ፊደሉ የተወከለበትን ባይት ነው። በተለመደው አጻጻፍ «ሠ» በሦስት ባይት ትወከላለች፤ እነሱም 225፣ 136 እና 160 ናቸው። «ሰ» ደግሞ 225፣ 136 እና 176 ናት። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ሁለቱ ፊደላት ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ናቸው። የአንድ ባይት ልዩነት ደግሞ ሌላ የይለፍ ቃል ነው።

«ፀሐይ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል «ፀ» ወይም «ጸ» ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ «ሀ»፣ «ሃ»፣ «ሐ»፣ «ሓ»፣ «ኀ» ወይም «ኃ»። ይህ በድምፅ አንድ የሆኑ 12 አጻጻፎችን ይሰጠናል። ከዓመት በፊት በየትኛው እንደጻፍን ማስታወስ ቀላል አይደለም። በዚህ ላይ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች አንዱን ፊደል በተለያየ የቁልፍ አመታት ሊያወጡት ይችላሉ፤ አዲሱ ሊኑክስ ከሌላ መጻፊያ ጋር ቢመጣ ጣታችን የለመደው አመታት ሌላ ፊደል ይሰጠናል። ኮምፒውተሩ ገና ሲነሣ በሚጠይቅበት ሰዓት ደግሞ የአማርኛ መጻፊያው ከነጭራሹ ሥራ አልጀመረም።

ስለዚህ ለዲስክ የሚሆን የይለፍ ቃል በላቲን ፊደላትና በቁጥሮች ቢሆን ይመረጣል። ሐሳቡ ግን አማርኛ ቢሆን ምንም አይከለክልም፤ እርስ በርሳቸው የማይያያዙ አምስት ወይም ስድስት የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል መጻፍ ለማስታወስ ቀላል፣ ለመገመት አስቸጋሪ ነው። «ሸ»ን በአንድ ፊደል ወይስ በሁለት እንደምንጽፋት ግን አስቀድመን እንወስን። የቁልፍ ሰሌዳው አቀማመጥም ይታሰብ። በጀርመን አቀማመጥ ላይ ዋይ እና ዜድ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ሲጫን ሌላ አቀማመጥ ከተመረጠ ትክክለኛው የይለፍ ቃል «ስሕተት» ይባላል።

ራስጌ የሌለው ምስጠራ

ራስጌ የማይጠቀም ምስጠራም አለ። በዚህኛው ቁልፉ በቀጥታ ከይለፍ ቃሉ ይሰላል፤ በዲስኩ ላይ የሚመዘገብ ነገር የለም። ስለዚህ የይለፍ ቃሉን ብቻ ሳይሆን የስሌቱንም ዓይነት ማወቅ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የወጣው ክሪፕትሴትአፕ 2.7 በዚህ ምስጠራ ላይ ሳይነገረው የሚጠቀምበትን ስሌት ለውጧል። በድሮው ፕሮግራም የተመሰጠረን ዲስክ አዲሱ፣ ስሌቱ ካልተነገረው፣ ስሕተት አለ ሳይል ይከፍተዋል፤ የሚታየው ግን ትርጉም የለሽ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ሊጠይቅም ይችላል። መልሱ «አይሆንም» ነው፤ የድሮው ስሌት ሲነገረው መረጃው ይመለሳልና።

ቅጂውም ቁልፍ ነው

የራስጌው ቅጂ የይለፍ ቃል ሳይታወቅ አይከፈትም። ሆኖም ቅጂው በተወሰደበት ቀን የነበሩትን መሳቢያዎች እንደያዘ ይኖራል። የይለፍ ቃላችን ታውቆብን ብንቀይረው፣ አሮጌው ቅጂ በአሮጌው የይለፍ ቃል አሁንም ዋናውን ቁልፍ ይሰጣል። ስለሆነም የይለፍ ቃል በተቀየረ ቁጥር አሮጌው ቅጂ ይጥፋ፤ አዲስም ይወሰድ። ቅጂውን በራሱ በተመሰጠረው ፓርቲሽን ውስጥ ማስቀመጥም ቁልፉን ከቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደመዝጋት ነው።

በአገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ሰው ሊጠብቀው ይገባል። ጥበቃ ሲባል ግን ሁለት ገጽ አለው፤ መረጃው ለማይገባው ሰው እንዳይደርስ ማድረግ፣ እንዲሁም ለሚገባው ሰው እንዳይጠፋ ማድረግ። ምስጠራ የመጀመሪያውን ይፈጽማል። ሁለተኛውን የሚፈጽመው ባለቤቱ ነው። ተማሪያችን በየቤቱ እየዞረ የጠየቃቸው ሰዎች የሰጡትን ጊዜና እምነት ሁለተኛ ሊጠይቃቸው አይችልም። የራስጌውን ቅጂ መውሰድ ግን ፎርማት ከመደረጉ በፊት ያለ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።